ጋሼ፣ ዛሬ ሰባ ስምንት ገባ

«ደጅሽን ባንኳኳ፣ ሄዳለች እያሉኝ…»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። ቀጣዩ ስንኝ የለውም። ዜማው የት ላይ እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚንጠለጠል ያውቃል፤ ቃሉ ግን መንገድ ላይ ሰላም ብሎት እንዳለፈ ሰው ነው፤ መልኩ ትዝ ይለዋል፣ ስሙ አይመጣለትም። ስለዚህ ከንፈሩን ገጥሞ «እም እም እም» እያለ የጎደለውን በዜማ ይሞላና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። አንድ እጁ ካቻቢቴ ጨብጦ፣ ሌላው እጁ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ የአንዲት ሴት ደጅ ሲያንኳኳ ይውላል። ቀኑን ሙሉ ሄዳለች ይሉታል።

ሰዎች «ይብረድ» ይሉታል። ስሙ ሌላ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ይብረድ ያሰኘው የሥራ ልማዱ ነው። ስክሪኑ የጨለመበት፣ ማሽኑ አልነሳ ያለው ሰው ሁሉ እያለከለከ መጥቶ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ እሱ ለመክፈት አይቸኩልም። የኮምፒውተሩን ጀርባ በመዳፉ ዳሰስ ያደርግና «መጀመሪያ ይብረድ፣ ልጄ» ይላል። ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ጭምር እንዲበርድ የሚያዘው ይመስላል። ደንበኛው ሽማግሌ ቢሆንም ልጄ ነው፤ ጎረምሳ ቢሆንም ልጄ ነው። ይህን ቃል ለማንም አይነፍግም።

ለአንዲት ሰው ካልሆነ በቀር።

የሚሠራባት ክፍል ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ በአንድ በኩል ከደረጃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ እዚያ ጥግ ሄዶ የሚቆም ሰው አንገቱን መድፋት አለበት። ሰው ሲወጣና ሲወርድ ኮቴው ከአናቱ ላይ ይሰማዋል። ለረጅም ዘመን ከሰማ በኋላ ማን እንደሆነ ከኮቴው ያውቃል፤ ችኩሉን፣ ወፍራሙን፣ ሐኪም ቤት ደርሶ የመጣውን። አንዲት ኮቴ ግን ከቀረች ቆይታለች። ያቺን ኮቴ ጆሮው አሁንም ይጠብቃል፤ ጆሮ ሞኝ ነው፣ መርዶ አይነገረውም።

ምሳውን የሚያሞቀው በኮምፒውተር ነው። የቆርቆሮ ምሳ ዕቃውን ለሙከራ የሚያሠራው ማሽን ጀርባ፣ ፋኑ ትኩስ አየር ከሚተፋበት ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሩዙ ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። ሲበላ ግን ቆሞ ነው። ምሳ ዕቃውን በግራ እጁ ይዞ፣ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሊሄድ የቸኮለ መንገደኛ ይመስል።

«ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው» ትለዋለች እትዬ ኬብል። ከመተላለፊያው ማዶ የኮምፒውተር መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የተጠመጠመ ገመድ አይጠፋምና ስሟ ከዚያ ወጣ። «እሱም ቢሆን ከጓደኞቹ ጋር ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

«እስካሁን በልተህም አታውቅ።»

በዚያ መተላለፊያ የሚሠሩትን ሰዎች ሁሉ የሚያከራክር አንድ ጉዳይ ነበር። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ ፋይል የሚቀመጥበት፣ እንደ ማስቲካ የቀጠነው ዕቃ ሂትሲንክ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ሂትሲንክ ማለት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ትንሽ አሉሚኒየም ነው፤ ከዕቃው ጀርባ ላይ ይለጠፍና ሙቀቱን እየመጠጠ ለነፋስ ይሰጣል። አንዱ የግድ ነው ይላል። ሌላው ጌጥ ነው ይላል። ይብረድ ሁለቱንም አይልም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ አዲስ ኤስኤስዲ በናፕኪን ጠቅልሎ መጣ።

«ይሄ ነገር ይቃጠላል ብለው አስፈራሩኝ» አለ። «ብረት ካልለበሰ ዓመት አይደፍንም አሉኝ።»

«ምን ትሠራበታለህ፣ ልጄ?»

«ሒሳብ ነዋ። ደብዳቤ እጽፋለሁ። አልፎ አልፎ ፊልም አያለሁ።»

«እንግዲያው ራቁቱን ተወው። ደህና ነው።»

«ገበያዬን ዘጋኸው» አለች እትዬ ኬብል ከማዶ። «ሰውየው በገዛ እግሩ መጥቶልኝ ነበር።»

«እሱ እኮ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ነው። ለዳቦ ጥላ መያዝ ምን ይሠራል? ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሲመጣ ያንቺን ብረት አለብሰዋለሁ።»

«ጆንያ ተሸካሚው የትኛው ነው?» አለ የሒሳብ ሠራተኛው።

«ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ማሽን። ትልልቅ ፋይል ከዚህ ወደዚያ ሲያጓጉዝ የሚውል። ያ ሲግል እርምጃው ይከብደዋል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን እየቆመ እየተቀመጠ ይሠራዋል። ቶሎ አይቃጠልም፣ ራሱን ያውቃል። ሲደክመው ቀስ ይላል። በዚህ ከሰው ይሻላል።»

እትዬ ኬብል አንገቷን አወጣች። «ጆንያ ተሸካሚ እኔም አንድ አውቃለሁ» አለች። «ሌላ ከተማ ያለች።»

ይብረድ ካቻቢቴውን ፈለገ። ካቻቢቴው እጁ ላይ ነበር።

ያቺ ሌላ ከተማ ያለችው የሚስቱ ልጅ ናት።

ሚስቱ ከዚያው ፎቅ ላይ፣ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ካውያው መጋሉን የምታየው ጣቷን በምራቋ አርሳ ብረቱን ፈጠን ብላ በመንካት ነበር፤ ጭስስ ሲል ትስቅ ነበር። ይብረድ እዚያ ቤት መመላለስ የጀመረው ሸሚዙን ለማስተኮስ ነው፤ ከዚያ በፊት ሸሚዝ አስተኩሶ የማያውቅ ሰው። ያን ዘፈን ከእሷ አፍ ነው የሰማው። የመጀመሪያውን ስንኝ ድምጿን ለቅቃ ትዘፍነዋለች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ካውያውን ትጫነዋለች፣ እንፋሎቱ ሽው ብሎ ይወጣል፣ ቃሉም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እጠይቃታለሁ ይል ነበር። ሰው ያለው ነገር ላይ ቀጠሮ ያበዛል።

ስትመጣ ልጇን ይዛ ነበር የመጣችው። ልጅቷ ያኔ ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ሥር ገብታ፣ ስክሪን በመጣበት ካርቶን ላይ ትቀመጥና ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በመሃል ቀና ብላ የሚሠራውን ታያለች። ጋሼ አለችው፤ የመጀመሪያ ቀን ጋሼ አለችው፣ ከዚያም ጋሼ እንዳለ ቀረ። እሱም ሌላ ስም አልጠበቀም፤ ወይም ጠብቆ ከሆነ ለማንም አልተናገረም። ለደንበኛ ሁሉ የሚረጨውን «ልጄ» የሚለውን ቃል ለእሷ ግን አላላትም። ለሌላው ሲሆን ሰላምታ ነው፤ ለእሷ ቢለው የይገባኛል ጥያቄ መሰለው። የሟች አባቷን ወንበር በአፉ የሚወስድ መሰለው።

ከዚያ እናትየው ታመመች፤ ከዚያ አረፈች። ለቅሶው ካለቀ፣ ወንበሩ ሁሉ ወደየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ፤ አንድ ጋሼ፣ አንዲት የእንጀራ ልጅ። እርስ በርስ በትህትና ይተላለፋሉ፤ ጨው አቀብለኝ፣ መብራት ላጥፋ። የሚያስተሳስራቸው ሰው ከመሃል ስለተነሳ፣ ማንኛቸውም ገመዱን ለመጎተት አልደፈሩም። ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ስትለው ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሥራዋ ቪዲዮ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሰርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ምረቃ።

ከመሄዷ በፊት ኮምፒውተር ገጠመላት። ሲሰናበቱ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ እሱ ብሎን አጠበቀ። ከሁሉ የተሻለውን ኤስኤስዲ መረጠ፤ ሂትሲንክም ከእትዬ ኬብል ገዛ። ግን አልገጠመውም። ያኔ አያስፈልገውም ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ገና ትንንሽ ሥራ ነበር የምትሠራው። ብረቱ ከነሳጥኑ መሳቢያው ውስጥ ገባ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ የስልክ ወሬያቸው አጭር ሆነ። ትደውላለች፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ በቃ። ከዚያ ደግሞ ያም ሳሳ። እሱ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ሁለት ወንበር አለ። የአንዱ መደገፊያ ላይ የሚስቱ ሹራብ እንደተንጠለጠለ ነው። ከሹራቡ ፊት ተቀምጦ መጉረስ ስላቃተው ነው ቆሞ መብላት የለመደው፤ ምድጃው አጠገብ፣ ከድስቱ። ቤት የጀመረው ልማድ ሥራ ቦታም ተከትሎት መጣ።

አንድ አመሻሽ ላይ ግን ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እየከበደው ነው። ትልቅ ፋይል ሳወጣ መሃል ላይ ይንቀራፈፋል።»

ሙቀቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም እንድትከፍት ነገራት። ኤስኤስዲው ሰማንያ ገብቷል። ይብረድ ወዲያው ገባው። ሥራዋ አድጓል፤ ልጅቷ ጆንያ መሸከም ጀምራለች። መድኃኒቱ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ቢልከው ማታ ይደርሳታል፣ ገጥማው ትገላገላለች። ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ጎኑን ክፈቺውና አንድ ማራገቢያ አዙሪበት» አላት። «ነገ ስንት እንደገባ ደውለሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ደወለች። በሳልስቱም ደወለች።

እንዲህ ሆኖ ኖሩ። ዝናቡ መጣ፣ ከረመ። አመሻሽ ላይ፣ የሱቁን በር ከመዝጋቱ በፊት፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኝቶ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሰባ ስምንት ገባ።»

«ማራገቢያው ዞሮበታል?»

«ዞሮበታል።»

«ጎኑ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«እንግዲህ ትንሽ እንየው። ነገ ደውዪልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዝናብ አለ እዚያ?»

«አለ። እዚያስ?»

«እዚህም አለ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ውስጥ ዝናብ ብቻ ይሰማል፤ የእሷ ይሁን የእሱ አይለይም። ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰባ ስምንት። ሌላው ሰው ልጁ የነገረችውን ቀልድ ወይም ወሬ ይዞ ይገባል፤ እሱ ዲግሪ ይዞ ይገባል። እሱኑ እያላመጠ ከድስቱ ላይ ቆሞ ይበላል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ኬብል ፒንሳ ልትዋስ መጥታ መሳቢያውን ሳበች። ከፒንሳው አጠገብ ሳጥኑን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሂትሲንክ።»

«እሱማ እኔ ነኝ የሸጥኩልህ። የማን ነው?»

ይብረድ ከአናታቸው ላይ ደረጃውን የሚወጣውን ኮቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ልጅቷ በየማታው እየደወለች ሰባ ምናምን፣ ሰማንያ ምናምን ስትልህ» አለች እትዬ ኬብል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ እዚህ ተኝቷል?»

«ብልክላትስ? ይበርዳል። ከበረደ በምን ምክንያት ትደውላለች?» ፊቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። «እኔ እኮ ምኗም አይደለሁም። የእናቷ ባል ነበርኩ። እናቷ ደግሞ ሄደች።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛው ድኖ እንዳይቀርብህ መድኃኒት የምትደብቅ ሐኪም ሆነሃል እኮ።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ።

«ሁን አትሁን፣ ያው ነው። አንድ ቀን ከነሥራዋ ቀጥ ቢልባትስ? የሰው ሰርግ ይዛ?»

ፒንሳውን ወሰደች። ሳጥኑን ግን መሳቢያው ውስጥ አልመለሰችውም፤ ጠረጴዛው መሃል ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀምጣው ሄደች። ይብረድ ማታ እነግራታለሁ ብሎ ወሰነ። ማታ ሲሆን ደወለች፣ ሰባ ዘጠኝ አለችው፣ እሱም ነገ ደውዪልኝ አላት። ሳጥኑን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስልኩ ከወትሮው ዘግይቶ ጮኸ።

«ጋሼ።»

«አለሁ።»

ድምጿ ቀጥኗል። ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም፤ ማራገቢያም አይሰማም። «ዘጠና ስድስት ገባ።»

«አጥፊው» አለ። ከመቀመጫው የተነሳ መሰለው፣ ግን ቆሞ ነበር። «አጥፊው ልጄ፣ አሁኑኑ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪው።»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማዋል።

«ምን አልከኝ?» አለች ቆይታ።

«አጥፊው አልኩሽ።»

«እሺ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ከአፉ የወጣው ቃል ምን እንደነበረ የገባው መብራቱን አጥፍቶ በሩን ሲቆልፍ ነው። ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ቃል እንደ ኮምፒውተር ፋይል አይደለም፤ አንዴ ከወጣ መሰረዣ የለውም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሳይደውልላት ወጣ። ሳጥኑን በካፖርቱ ኪስ፣ ካቻቢቴውን በደረቱ ኪስ አድርጎ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ ወስዶት በትከሻው ተደገፈው፤ ይብረድ እንዳይቀሰቅሰው ብሎ መንገዱን ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ሄደ። ሰው እንዲህ ከተደገፈው ቆይቷል።

አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ልቡ በረድ አለና ማሰብ ጀመረ። ዘጠና ስድስት። ይሄ አይሆንም። ኤስኤስዲ እዚያ ሳይደርስ ራሱን ያዘገያል፤ እየተንቀራፈፈ፣ ሙቀቱን እየቀነሰ ይቆማል። ለደንበኛ ሁሉ የሚሰብከው እሱ ራሱ አይደለም? ሌላ ሰው ቢነግረው በሳቀ ነበር። ወይ የሙቀት መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ… ሌላውን ወይ አላገኘውም። እሷ ስላለችው ብቻ አምኗል።

የምትኖረው ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ነው። ደረጃው ጎማ ጎማ ይሸታል። በሩ ጋ ደርሶ እጁን አነሳና ቀረ። ዘፋኝ ቢያየው ኖሮ እንዲህ ይልለት ነበር፤

ሳልጠራ ብመጣ፣ ከደጃፏ ቆሜ፣
አንኳኳሁ በልቤ፣ ከእጄ አስቀድሜ።

በሩን ስትከፍት ማንኪያ ይዛ ነበር። ከስታለች። ስታየው ፊቷ ላይ መጀመሪያ ደስታ ወጣ፣ ከዚያ ድንጋጤ ተከተለው።

«ጋሼ? እንዴት… ለምን አልደወልክም?»

«ዘጠና ስድስት ብለሽኝ በስልክ ልጠይቅሽ?»

ክፍሏ አንድ ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሁለት ስክሪን የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። አንድ ብቻ። ኮምፒውተሩን አሽጎ የሰጣት ካርቶን አልጋው ራስጌ ሆኖ ብርጭቆና መድኃኒት ተቀምጦበታል። ስክሪኑ ላይ የማያውቃት ሙሽራ አፏን ከፍታ እየሳቀች ደርቃ ቆማለች።

«አሞሽ ነበር?»

«ጉንፋን ነው። አለፈ።» ወደ ምድጃው ዞረች። «ደርሷል፣ ሩዝና አትክልት ነው። መጀመሪያ ብላ።»

«መጀመሪያ ልየው።»

«ጋሼ፣ እሱ ይደርሳል። ከመንገድ ነው የመጣኸው፤ ቁጭ ብለህ ብላ።»

«ነገ ሰው ሥራ ይፈልግብሻል» አለና ኮምፒውተሩ አጠገብ ተንበረከከ። ጎኑ ክፍት ነው ስትለው የኖረው ኮምፒውተር ጎኑ ዝግ ነበር። ማራገቢያም አላየም። ምናልባት ጠፍቶ ስላደረ ዘግታው ይሆናል ብሎ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ሰማያዊ መብራት በርታለች። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ወደ ለመደው ሄደ።

«ደጅሽን ባንኳኳ፣ ሄዳለች እያሉኝ… እም እም…»

«ያልጠፋ መብራትሽን፣ በመስኮት አየሁኝ» አለች ልጅቷ ከምድጃው፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ድስቱን እያማሰለች።

ካቻቢቴው ቆመ።

«ቃሉን ታውቂዋለሽ?»

«አንተ አታውቀውም? እማዬ እኮ በየቀኑ ነበር የምትዘፍነው።»

«እንፋሎቱ ይሸፍነው ነበር።»

«እኔ ከታች ከካውያው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። እዚያ በደንብ ይሰማል።»

ይብረድ ስንኙን አንዴ በልቡ ደገመው። ያልጠፋ መብራትሽን። ስንት ዘመን ሄዳለች ሲሉት አምኖ ከደጁ የተመለሰው፣ ቀጣዩን ስንኝ ሳይሰማ ነው። ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገና የመጨረሻውን ብሎን አወጣ።

ጎኑን ሲያነሳው አየ።

ኤስኤስዲው ብረት ለብሷል። በሥርዓት የተገጠመ ሂትሲንክ ነው። በጥርሶቹ መሃል ግራጫ አቧራ ተኝቷል፤ ትናንት የወደቀ አይደለም፣ ከላይ ከላይ ተደራርቦ እንደ ሱፍ የሆነ የወራት አቧራ ነው። ሰው ይዋሻል፤ አቧራ አይዋሽም። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ተመለከተ። ከብረቱ ሥር ያለው ማጣበቂያ ላይ ፋብሪካው የሚለጥፈው ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ብዙ ሰው እሱን ሳይልጥ ይገጥምና ብረቱ ሙቀት የሚያወጣ መሆኑ ቀርቶ ብርድ ልብስ ይሆናል። ይሄ ተልጧል። ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ስትሠራ የነበረች ልጅ፣ በመሃል ቀና እያለች ስታይ የነበረች ልጅ፣ ልጣው ነው የገጠመችው።

«ስንት ይላል አሁን?» አለ ሳይዞር።

ከኋላው ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቆመ። «አርባ ዘጠኝ።»

«ትናንትስ?»

«አርባ ዘጠኝ» አለች።

«መቼ ገጠምሽው?»

«ዝናቡ ሳይጀምር።»

ዝናብ አለ እዚያ? እዚህም አለ። ሰባ ስምንት። ሰማንያ አንድ። ሰባ ዘጠኝ። ክረምቱን ሁሉ ያላመጠውን ቁጥር አንድ በአንድ አስታወሰው። ሁሉንም ከራሷ ነው የፈጠረችው፤ አመሻሽ ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ ስንት ልበለው እያለች።

«ትናንት ትኩሳት ነበረኝ» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «የሰው ሰርግ ስቆርጥ ውዬ፣ ዞር ስል ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። ትልቅ ቁጥር ብነግርህ… እንጃ። ትመጣለህ ብዬም አይደለም። ዘጠና ስድስት እንደማይሆን ታውቃለህ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቶቡስ ላይ ነው ያወቅኩት።»

ጎኑን መልሶ ዘጋው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል አጠበቃቸው። ሲነሳ ጉልበቱ ጮኸ። ከካፖርቱ ኪስ ሳጥኑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከምትስቀው ሙሽራ ሥር አስቀመጠው። ልጅቷ ቀርባ አየችው። ያልተከፈተ ሂትሲንክ ነው። የሳጥኑ ቀለም ደብዝዟል፤ ጠርዞቹ ላይ የመሳቢያ አቧራ ተጋግሯል። በጣቷ ጠረገችው፤ ጣቷ ጠቆረ። ጣቷን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄን መቼ ገዛኸው?»

«ኮምፒውተሩን ስገጥምልሽ።»

ልጅቷ ሳቀች። እየሳቀች አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ከሳጥኑ ያነሳችው አቧራ ጉንጯ ላይ ተሻገረ። እናቷ ካውያውን ነክታ ጭስስ ሲል ትስቀው የነበረው ሳቅ ነው።

«ነገስ ስንት ገባ ልበልህ?» አለች።

«አርባ ዘጠኝ ከሆነ ምን ያስደውላል?»

«አርባ ዘጠኝ ገባ ብዬ እደውላለሁ።»

ሁለት ሳህን አወጣች፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ሩዙን ጨለፈችለት፣ አትክልቱን ከላይ አደረገችበት። ብርጭቆውንና መድኃኒቱን መሬት ላይ አውርዳ ካርቶኑን ጎተተችና ተቀመጠችበት፤ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ፣ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ይብረድ ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ ግድግዳውን ሊደገፍ ሲል፣ ቀና ብላ አየችው።

«ቁጭ በል ጋሼ። ይበርዳል።»

ወንበሩን አየው። መደገፊያው ላይ ምንም የተሰቀለ ነገር የለም። ከታች ጎሚስታው ጎማ ይነፋል፤ ማታ ደግሞ በመጣበት አውቶቡስ ተመልሶ፣ ሹራቡ ወዳለበት ቤት ይገባል። አሁን ግን ሩዙ ይጨሳል።

«አይብረድ፣ ልጄ» አለ። ወንበሩን ወደ ካርቶኑ ሳበው፣ ቁጭ አለ፣ ማንኪያውን አነሳ።